ክትባቱ እስኪደርስ፦ ወረርሽኝ ሲመጣ የትኛው መንገድ ይሻላል?

አዲስ በሽታ ሲገባ ክትባት የለም። መድኃኒት የለም። ሐኪሙ ራሱ ገና እየተማረ ነው። በዚያ ሰዓት የሚደረገው ነገር ሁሉ፣ ድንበር መዝጋቱም፣ ማስክ ማድረጉም፣ ከቤት አለመውጣቱም፣ በሽታውን አያድንም። የሚገዛው ጊዜ ነው።

የኮቪድ-19 ቫይረስ የዘረመል ቅንብር ለዓለም ይፋ የሆነው በጃንዋሪ 2020 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የፋይዘርና የባዮንቴክ ክትባት በብሪታንያ ለሕዝብ መሰጠት የጀመረው ዲሴምበር 8 ቀን 2020 ነው። አሥራ አንድ ወር ማለት ነው። ከዚያ በፊት በፍጥነቱ ስሙ ሲነሳ የኖረው የጆሮ ደግፍ ክትባት በ1960ዎቹ አራት ዓመት ገደማ ወስዷል። ስለዚህ አሥራ አንድ ወር ተአምር የሚያሰኝ ፍጥነት ነው። በበሽታው መሀል ሆኖ ለሚጠብቅ ሰው ግን ረጅም ነው። ብዙ አገሮች ደግሞ ተራቸው እስኪደርስ ከዚያም በላይ ጠብቀዋል።

ያንን የጥበቃ ጊዜ ለማለፍ የተሞከሩትን መንገዶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ማየት ፈለግሁ። "ሕይወት ወይስ ኢኮኖሚ" የሚለውን ክርክር ትቼዋለሁ። ሰውን ከማጯጯህ ያለፈ ጥቅም አላየሁበትም። እኔ ስለ እያንዳንዱ መንገድ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ስንት ቀን ይገዛልናል? ሒሳቡንስ ማን ይከፍላል?

መጀመሪያ በሽታውን ማወቅ

መንገድ ከመምረጥ በፊት በሽታው ራሱ መጠየቅ አለበት። ለአንዱ የሠራ ዘዴ ለሌላው አይሠራም።

ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው፦ ሰው ሳያመው በፊት ያስተላልፋል ወይ? በ2002 መጨረሻ የመጣው ሳርስ የተባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ 8,096 ሰው ይዞ 774 ገደለ። ከዚያ ያለ ክትባት በ2003 ቆመ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሳርስ ሕመምተኛ በብዛት የሚያስተላልፈው ከታመመ በኋላ፣ አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። ያመመውን ሰው ለይቶ ማቆየት ብቻ ሰንሰለቱን ይበጥሳል። ኢቦላም በዚህ በኩል ይመስለዋል። ኮቪድ ግን ሌላ ነው። ሰውየው ምንም ሳይሰማው፣ ሥራ ውሎ፣ ስቆ ተጫውቶ፣ አንድ ሁለት ቀን ቀድሞ ያስተላልፋል። ለዚህ ነው በየበሩ ግንባር ላይ የሚደገነው ቴርሞሜትር የታሰበውን ያህል ያልሠራው። ትኩሳቱ ሲመጣ በሽታው ቀድሞ ሄዷል።

ሁለተኛው ጥያቄ ማንን ይገድላል የሚለው ነው። ኮቪድ በዕድሜ የገፉትን መረጠ። የ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ ግን ከሃያ እስከ አርባ ዓመት ያሉትን ጎልማሶች ብዙ ገደለ። "አረጋውያንን እንጠብቅ፣ ሌላው ይሥራ" የሚለው ሐሳብ በ1918 ቢነገር ትርጉም አልነበረውም።

ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የሚዘለው ጥያቄ፦ በሽታው በየሰው እኩል ይዛመታል ወይስ በአንድ ቦታ ተጠራቅሞ ይፈነዳል? ኮቪድ የኋለኛው ነው። ከተያዙት ሰዎች ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት 80 በመቶ ለሚሆነው ስርጭት ምክንያት እንደነበሩ ይገመታል። ብዙው ሰው ለማንም ሳያስተላልፍ ይድናል።

ይህን በዓይን የሚያሳይ አንድ ምሽት አለ። ማርች 10 ቀን 2020፣ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ስካጂት በተባለ አካባቢ፣ 61 የመዘምራን ቡድን አባላት ለልምምድ ተሰበሰቡ። ስለ በሽታው ሰምተዋል። አልተጨባበጡም፣ አልተቃቀፉም። እጅ ማጽጃ ቀርቦላቸዋል። ወንበር ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠው ለሁለት ሰዓት ተኩል ዘመሩ። ከመሀላቸው አንዱ የጉንፋን ስሜት ነበረው። ከ61ዱ 53ቱ ታመሙ፣ ሁለቱ ሞቱ። ጥንቃቄ አላጡም። የተጠነቀቁት እጃቸውን ነው፤ በሽታው የመጣው በአየር ነው። ወረርሽኝ ሲመጣ "እንዴት ነው የሚተላለፈው?" የሚለውን በቶሎ ማወቅ የሰው ሕይወት ነው የምለው ለዚህ ነው።

በሩን መዝጋት

የመጀመሪያው መንገድ በሽታውን ጨርሶ አለማስገባት ነው። ከገባም ጠራርጎ ማጥፋት።

የዚህን መንገድ ጥቅም ከሳሞአ ደሴቶች በላይ የሚያሳይ የለም። ኖቬምበር 7 ቀን 1918 ታሉኔ የተባለች መርከብ ከኦክላንድ ተነሥታ ምዕራብ ሳሞአ፣ አፒያ ወደብ ደረሰች። መርከቧ ላይ የኢንፍሉዌንዛ በሽተኞች ነበሩ። ማንም አላስቆማቸውም። በሁለት ወር ገደማ ውስጥ 8,500 ያህል ሰው ሞተ። ከአምስት ሰው አንዱ ማለት ነው። እዚያው ጎን ባለችው፣ አሜሪካ ታስተዳድራት በነበረችው ሳሞአ፣ ገዥው ጆን ፖየር ስለ በሽታው እንደሰማ የሚመጣውን መርከብ ሁሉ ለይቶ ማቆየት ጀመረ። በዚያ ወረርሽኝ አንድም ሰው አልሞተባትም። ሕዝቡ አንድ፣ ቋንቋው አንድ፣ ባሕሩ አንድ ነው። የለያያቸው በወደብ ላይ የተወሰነው ውሳኔ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ ኒውዚላንድ ያንኑ አደረገች። ማርች 19 ቀን 2020 ለውጭ አገር ሰው ድንበሯን ዘጋች። በስድስተኛው ቀን፣ የተያዙት ሰዎች ገና ጥቂት መቶ ሳሉ፣ ሕዝቡን ቤት አስቀመጠች። ጁን 8 ላይ ገደቡን ሁሉ አነሣች። ከድንበሩ በስተቀር። ታይዋን ደግሞ ከዲሴምበር 31 ቀን 2019 ጀምሮ ከዉሃን የሚመጡ አውሮፕላኖች ውስጥ ገብታ ተሳፋሪ ትመረምር ነበር። በ2020 ዓመቱን ሙሉ በኮቪድ የሞተባት 7 ሰው ነው። ያውም ሕዝቧን በጅምላ ቤት ሳትዘጋ።

ታዲያ ለምን ሁሉም አላደረገውም? ይህ መንገድ የሚሆነው በሩ ጥቂት ለሆነ ነው። ደሴት ለሆነ፣ ወይም መግቢያውን በሙሉ ለሚቆጣጠር። ሰው በየጫካው፣ በየወንዙ በሚሻገርበት ረጅም ድንበር ላይ በሩን ዘጋሁ ማለት ራስን ማታለል ነው። በሩ ትንሽ ካፈሰሰም ዋጋው ከባድ ነው። በአውስትራሊያ ሜልቦርን መንገደኞች ለይቶ ማቆያ ከሆኑት ሆቴሎች በሽታው ሾልኮ ወጣ። ከተማዋ በ2020 ለ112 ቀን ተዘጋች።

ሒሳቡን የሚከፍለውም በዓይን አይታይም። ውጭ የቀረው ዜጋ ነው። እናቱን ሊቀብር ያልቻለው፣ በስልክ ስክሪን ያለቀሰው። ውስጥ ላለው ሰው ሕይወት እንደ ድሮው ስትቀጥል ውጭ ያለው ይረሳል። ይህን መንገድ የሚመርጥ አገር ለእነዚህ ሰዎች ከመጀመሪያው ቀን ተራና ማረፊያ ማዘጋጀት አለበት።

አሳድዶ መያዝ

በበኩሌ በሽታው ከገባ በኋላ መጀመሪያ ሊሞከር የሚገባው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። መመርመር፣ የተያዘውን መለየት፣ ንክኪ ያለውን ፈልጎ ማግኘት፣ ለይቶ ማቆየት። ጤነኛውን ሁሉ ቤት ከመዝጋት በሽተኛውን መፈለግ ይቀላል።

ደቡብ ኮሪያ ይህን የተማረችው በመከራ ነው። በ2015 ሜርስ የተባለው በሽታ ከአንድ መንገደኛ ተነሥቶ 186 ሰው ያዘ፣ 38 ገደለ። አገሪቱ ደነገጠች። ሕጓን አሻሻለች። አዲስ መመርመሪያ በአስቸኳይ የሚፈቀድበትን መንገድ አበጀች። ስለዚህ ኮቪድ ሲመጣ የመጀመሪያው መመርመሪያ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2020 ተፈቀደ። በዚያው ወር ዴጉ ከተማ ውስጥ በአንድ የሃይማኖት ቡድን በኩል በሽታው ሲፈነዳ፣ ሰው ከመኪናው ሳይወርድ ናሙና የሚሰጥበት ጣቢያ ተከፈተ። አገር አቀፍ የቤት መዝጋት ሳይታወጅ ወረርሽኙ ተገታ።

የዚህ መንገድ ሞተሩ ፍጥነት ነው። ውጤቱ በአንድ ቀን ከደረሰ ንክኪ ያለው ሰው ሳያስተላልፍ ይደረስበታል። በአምስተኛው ቀን ከደረሰ የምንይዘው በሽታውን አይደለም፣ መዝገቡን ነው። ብሪታንያ ለዚህ ሥራ ለሁለት ዓመት 37 ቢሊዮን ፓውንድ መደበች። በማርች 2021 የፓርላማው የሒሳብ ኮሚቴ ያ ሁሉ ገንዘብ ግልጽ ለውጥ ማምጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ አላየሁም አለ። ገንዘብ ብቻውን ፍጥነት አይሆንም። በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ሲጀመር ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ጃፓን አንድ ብልህ ነገር ጨመረች። ሠራተኞቿ "ለማን አስተላለፍክ?" ከማለታቸው በፊት "ከየት ያዝከው?" ብለው ይጠይቁ ነበር። ከላይ እንዳልኩት በሽታው በአንድ ቦታ ተጠራቅሞ የሚፈነዳ ከሆነ፣ ወደ ኋላ ሄዶ ያንን ቦታ ማግኘት ሃያ ሠላሳ ሰው በአንድ ጊዜ ማግኘት ነው። ለሕዝቡም ሦስት ነገር ብቻ አስያዙት፦ አየር ከማይገባበት ቤት ራቅ፣ ከተጨናነቀ ቦታ ራቅ፣ ፊት ለፊት ተቀራርቦ ከማውራት ራቅ። ልጅም አዋቂም ይህን ይይዛል።

ክፍያው ሁለት ነው። አንዱ ግላዊ ሕይወት ነው። ኮሪያ የታማሚዎችን ውሎ ይፋ ታደርግ ስለነበር ሰው ተለይቶ ይታወቅ፣ መጠቋቆሚያ ይሆን ነበር። በሜይ 2020 በሴኡል የምሽት ክበቦች በሽታው ሲነሣ ብዙዎች ስማቸው እንዳይጠፋ ፈርተው ተደበቁ። ከተማዋ ያለ ስም መመርመር ፈቀደች፣ ሰውም ወጣ። የሚፈራ ሰው አይመረመርም። ሁለተኛው ክፍያ ደመወዝ ነው። ለአሥር ቀን ተለይተህ ቆይ የተባለ የቀን ሠራተኛ ያን አሥር ቀን ማን ያበላዋል? ይህ ካልተመለሰ ሰውየው ስልኩን አያነሣም። አልፈርድበትም።

ሁሉን መዝጋት

ሎክዳውን። ቃሉ ራሱ ዛሬም ሰውን ያበሳጫል።

እኔ የማየው እንደ መኪና የእጅ ፍሬን ነው። ፍሬኑ ሲበጠስ ትስበዋለህ። ሁልጊዜ ስበኸው ግን አትነዳም። ሆስፒታል ሊሞላ ሲል፣ ንክኪ ፍለጋው ከአቅም በላይ ሲሆን፣ ሌላ የሚቀር ነገር የለም። ያኔም ዋናው ነገር ጥብቅነቱ አይደለም፣ ቀኑ ነው።

የአሜሪካ ከተሞች ፊላዴልፊያና ሴንት ሉዊስ ለዚህ ምስክር ናቸው። በሴፕቴምበር 1918 አጋማሽ ፊላዴልፊያ ውስጥ ኢንፍሉዌንዛው ታየ። ሴፕቴምበር 28 ቀን ለጦርነት ቦንድ መሸጫ የሚሆን ታላቅ ሰልፍ ነበር። ይቅር የሚሉ ሐኪሞች ነበሩ። አልቀረም። 200,000 ያህል ሰው አደባባይ ወጣ። ትምህርት ቤትና ቲያትር የተዘጉት ኦክቶበር 3 ነው። ሴንት ሉዊስ ግን በነዋሪዎቿ ላይ የመጀመሪያው በሽታ በታየ በሁለት ቀን ውስጥ ዘጋች። በከፋው ሳምንት የሴንት ሉዊስ የሞት መጠን የፊላዴልፊያን አንድ ስምንተኛ ያህል ነበር።

ሒሳቡን እንሥራው። የተያዘው ሰው ቁጥር በየሦስት ቀኑ እጥፍ የሚሆን ከሆነ፣ ዛሬ 100 ሰው ቢኖር ከሳምንት በኋላ 500 ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ 2,500። "እስኪ አንድ ሳምንት እንየው" ማለት በአምስት ማባዛት ነው። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እንዲህ ያለውን ነገር ነው። በጊዜ የተዘጋ በጊዜ ይከፈታል። ዘግይቶ የተዘጋ ግን ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፦ በሞትም፣ በመዘጋቱ ርዝመትም።

ግን ቀኑ ብቻውን አይበቃም። ፔሩ በጊዜ ዘጋች፣ ማርች 16 ቀን 2020። ፖሊስና ወታደር አሰማራች። ሆኖም በሕዝብ ብዛት ሲሰላ በዓለም ከፍተኛ ሞት ካስተናገዱት አንዷ ሆነች። በሜይ 2021 መጨረሻ ቁጥሯን ስታርም የሟቾቹ ብዛት ከ69,000 ገደማ ወደ 180,000 ዘለለ። ምን ሆነ? አብዛኛው ሠራተኛ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ነው። ካልወጣ አይበላም። ብዙ ቤት ፍሪጅ የለውም፣ ስለዚህ ገበያ በየቀኑ መውጣት ግድ ነው። መንግሥት የድጎማ ገንዘብ ሰጠ፤ ግን ብዙው ሰው የባንክ ሒሳብ ስለሌለው ገንዘቡን ለመውሰድ ባንክ በር ላይ ተሰለፈ። ትከሻ ለትከሻ። ከቤት አትውጣ የተባለው ሕዝብ ገበያና ባንክ ላይ ተገናኘ።

ሕንድ ማርች 24 ቀን 2020 ምሽት ላይ አውጃ ከአራት ሰዓት በኋላ ዘጋች። ከተማ ላይ ሠርተው ያድሩ የነበሩ እልፍ ሠራተኞች ሥራም ቤትም አጥተው ልጅ አዝለው በእግር ወደ ገጠር ተጓዙ።

ቶጎ ደግሞ ሌላ መንገድ አሳየች። በኤፕሪል 2020 ኖቪሲ የተባለ ዘዴ ጀመረች። መደበኛ ደመወዝ የሌለው ሰው በተራ ስልክ ይመዘገባል፣ ገንዘቡ በስልኩ ይገባለታል። ሰልፍ የለም፣ ቢሮ የለም። ለሴቶች ትንሽ ከፍ ያለ ገንዘብ ይላክ ነበር። ሀብታም አገር አይደለችም። መዝጋት የሚያስብ ሁሉ ከአዋጁ በፊት ማዘጋጀት ያለበት ይህንን ይመስለኛል። እንጀራውን ሳታስብ በሩን የዘጋህበት ሰው በሩን ሰብሮ ይወጣል።

ለሕዝቡ አደራ መስጠት

የስዊድን መንገድ። ደጋፊውም ተቃዋሚውም የሚመቸውን ቁጥር ብቻ ይዞ ስለሚሟገት ረጋ ብሎ ማየት ይጠይቃል።

ስዊድን ምንም አላደረገችም የሚባለው ስሕተት ነው። ከማርች 2020 መጨረሻ ጀምሮ ከ50 ሰው በላይ መሰብሰብ ከለከለች። የአረጋውያን መኖሪያዎችን መጎብኘት አስቆመች። የታመመ ሠራተኛ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ክፍያ እንዲያገኝ አደረገች፣ ድሮ የመጀመሪያው ቀን አይከፈልም ነበር። ቤት ግን አልዘጋችም። ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ትምህርት ቤት ክፍት ነበር። የቀረውን በምክር ሰጠች፣ ሕዝቡም ብዙውን ተከተለ።

ውጤቱ ሁለት ገጽ አለው። በ2020 መጨረሻ የስዊድን ሟቾች ከ8,000 አልፈው ነበር። ጎረቤቷ ኖርዌይ፣ በሕዝብ ብዛት ግማሿ ያህል ሆና፣ 500 አልሞሉባትም። የአገሪቱ አጣሪ ኮሚሽን በዚያው ዲሴምበር አረጋውያንን መጠበቅ አልተቻለም ብሎ በግልጽ ጻፈ። ንጉሡም አልተሳካልንም አሉ። በሌላ በኩል ከ2020 እስከ 2022 ያለው በጠቅላላ ከተለመደው በላይ የሞተው ሰው ሲቆጠር ስዊድን በአውሮፓ ዝቅተኛ ከሆኑት መካከል ናት። ልጆቿም ከትምህርታቸው ብዙ አልተነጠሉም። ኮሚሽኑ በፌብሩዋሪ 2022 የመጨረሻ ሪፖርቱ ቤት አለመዝጋቱን ደገፈ፤ መጀመሪያ ላይ ግን ፈጠን ያለና ጠንከር ያለ እርምጃ ያስፈልግ ነበር አለ።

እኔ ከዚህ የምወስደው የሚከተለውን ነው። ይህ መንገድ የሚሠራው ሰው ሲመክሩት የሚሰማበት፣ ሲታመም ደመወዙ የማይቆረጥበት፣ ብዙ ሰው ብቻውን ወይም ሁለት ሆኖ የሚኖርበት አገር ላይ ነው። እዚያም ቢሆን የመጀመሪያዎቹን ወራት የከፈሉት አዛውንቶች ናቸው። ሦስት ትውልድ አንድ ጣሪያ ሥር በሚያድርበት ቤት ይህን መንገድ መቅዳት አልመክርም።

"ይለፍ" ብሎ መተው

በሽታው ይዛመት፣ ብዙ ሰው ይያዝና ይዳን፣ ከዚያ የማኅበረሰብ የመከላከል አቅም ይፈጠራል የሚል ሐሳብ አለ። ብዙዎች ሄርድ ኢሚዩኒቲ ይሉታል። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሰው ለሦስት ሰው የሚያስተላልፍ ከሆነ ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛው ከበሽታው መከላከያ ካገኘ ስርጭቱ ይቀንሳል።

ብራዚል ውስጥ ማናውስ ከተማ ሳትፈልግ ሞከረችው። በኦክቶበር 2020 ከነዋሪዎቿ 76 በመቶ ያህሉ ተይዘው እንደነበር በደም ናሙና ላይ የተመሠረተ ጥናት ገመተ። በሒሳቡ መሠረት አብቅቶ ነበር። በጃንዋሪ 2021 ግን ጋማ የተባለው አዲስ ዝርያ መጣ። ከተማዋ እንደገና ተመታች። ሆስፒታሎች ኦክስጅን አለቀባቸው። ቤተሰብ ሲሊንደር ተሸክሞ በየፋብሪካው በር ተሰለፈ። አንዳንዱ ሲደርስ የተሸከመለት ሰው ሞቶ ቆየው።

ለስለስ ያለው የዚህ ሐሳብ ዓይነት "ደካሞችን እንጠብቅ፣ ሌላው ይኑር" ይላል። ጆሮ ላይ ጥሩ ነው። ግን አዛውንቱን የሚያጥበው ማነው? የምታበላቸው፣ የምታነሣ የምታስተኛቸው ሴትስ የምታድረው የት ነው? በአውቶቡስ መጥታ በአውቶቡስ ትመለሳለች። ከውጭ በሽታው እንደ ልብ እየተዘዋወረ አዛውንቱን በግድግዳ መለየት አይቻልም። ይህን መንገድ ከምርጫ ውስጥ አላስገባውም።

ከየትኛውም መንገድ ጋር የሚሄዱ

ማስክና ንጹሕ አየር። አወዛጋቢ መሆናቸው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ከሁሉም ርካሽ እነሱ ናቸው። ታይዋን በፌብሩዋሪ 2020 መጀመሪያ ማስክን በራሽን አድርጋ ለሁሉም አዳረሰች። መስኮት መክፈት ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ክፍል አየሩ መለዋወጡን ለማወቅ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ማስቀመጥ ይቻላል፦ ውጭ ከሚሊዮን የአየር ክፍል 420 አካባቢ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ከ800 ካለፈ ሰው የሌላውን ትንፋሽ እየሳበ ነው። ይህን መጀመሪያ ብናውቅ ኖሮ እቃ በመወልወል ያን ያህል ባልደከምን። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በኤፕሪል 2021 የነኩት ነገር በሽታውን የማስያዙ ዕድል ብዙውን ጊዜ ከ10,000 አንድ በታች መሆኑን ገለጸ።

ትምህርት ቤት ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ዴንማርክ ታናናሾቹን ተማሪዎች ኤፕሪል 15 ቀን 2020 መለሰች፣ በትንንሽ ቡድን ከፍላ፣ ብዙውን ውጭ አስተምራ። ኡጋንዳ በማርች 2020 ዘግታ በሙሉ የከፈተችው ጃንዋሪ 10 ቀን 2022 ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተዳረች ልጅ፣ ሥራ የገባ ልጅ፣ ደወል ሲደወል አልተመለሰም። በሽታው ልጆችን የማይጎዳ ከሆነ ትምህርት ቤት በመጨረሻ ሊዘጋ፣ በመጀመሪያ ሊከፈት ይገባል። ልጆችን የሚገድል በሽታ ከመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ለዚህ ነው በሽታውን ማወቅ ይቅደም ያልኩት።

መድኃኒት እስኪገኝ

እዚህም ምርጫ አለ። የተወራውን መድኃኒት ሁሉ መስጠት፣ ወይስ እየሰጡ መፈተሽ?

በ2020 ሃይድሮክሲክሎሮኪን ያድናል ተባለ። ዓለም ተሻማው። ሉፐስ የተባለ የቆየ ሕመም ያለባቸውና ዕድሜ ልካቸውን ሲወስዱት የነበሩ ሰዎች አጡት። በብሪታንያ ሪከቨሪ የተባለው ሙከራ በሆስፒታል የተኙ ሕሙማንን በዕጣ ከፍሎ ፈተሸው። በጁን መጀመሪያ እንደማይጠቅም ታወቀ። በዚያው ወር በ16ኛው ቀን ያው ሙከራ ደግሞ ዴክሳሜታዞን የሚባል፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ ርካሽ መድኃኒት፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉት ውስጥ ሞትን በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጅን ከሚወስዱት ውስጥ በአንድ አምስተኛ እንደሚቀንስ አሳወቀ። ኦክስጅን ለማያስፈልገው ሰው ግን ጥቅም አላሳየም። ይህን ሁሉ ያወቅነው ሐኪሞቹ "ይመስለኛል" ሳይሉ ስለቆጠሩ ነው።

እስከዚያው የሚያድነው የተለመደው ነገር ነው። ኦክስጅን። የሚከታተል ነርስ። ሕመምተኛውን በሆዱ ማስተኛት። ገንዘብ ያለው አካል ቬንቲሌተር (መተንፈሻ መሣሪያ) ብቻ እያየ የኦክስጅን ማምረቻን ከረሳ ማናውስን ያስታውስ። ቤት ላለ ሰው ደግሞ ጣት ላይ የምትቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ ትልቅ ባለውለታ ናት። አንዳንድ ሕመምተኛ ሳያፍነው ኦክስጅኑ ይወርዳል። ደጋግሞ ከ94 በታች ካሳየች ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ቀኑ ከተገዛ በኋላ

ከላይ ካሉት ውስጥ እንደ አገሩ አንዱን ወይም ሁለቱን ማዳበል ይቻላል። መግቢያው ጥቂት ከሆነ በሩን መዝጋት። በሽታው ገብቶ ገና ጥቂት ሰው ከያዘ አሳድዶ መያዝ። ካመለጠ ለአጭር ጊዜ መዝጋት፣ ገንዘቡን ቀድሞ ልኮ። ነገር ግን የትኛውም መንገድ ማለቂያ አለው፣ መውጫውም ከመግቢያው ቀን ጀምሮ መታሰብ አለበት።

ኒውዚላንድ በኦክቶበር 2021 ዴልታ የተባለውን የቫይረሱን ዝርያ ማጥፋት እንደማይቻል አምና ስልቷን ቀየረች። ግን ድንበሩን ወዲያው አልከፈተችም። መጀመሪያ መከተብ ከሚገባቸው ሰዎች 90 በመቶ ሁለት ዙር ተከተቡ። ከዚያ በ2022 በየደረጃው ከፈተች።

ሆንግ ኮንግም በሩን በመዝጋት ሁለት ዓመት ቆየች። እስከ 2021 መጨረሻ የሞተባት ሰው 220 አይሞላም። በ2022 መጀመሪያ ኦሚክሮን የተባለው ዝርያ ገባ። ከ80 ዓመት በላይ ከሆኑት አብዛኞቹ አልተከተቡም ነበር። በሽታው የለምና ለምን እንቸኩል ብለው ነው። በጥቂት ወር ከ9,000 በላይ ሰው ሞተ። በፌብሩዋሪ ብርድ ሆስፒታል ሞልቶ አዛውንቶች በአልጋቸው ላይ እንደተኙ ደጅ፣ ከድንኳን ሥር ተደርድረው ይታዩ ነበር። ክትባቱ ከተማዋ ከገባ ያኔ ዓመት ሞልቶታል።